የማን ድምፅ ተቀዳ? ከምኒልክ ሲሊንደር እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

በ1890 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በወረቀት የተጻፈ ሳይሆን በሰም ሲሊንደር ላይ የተቀዳ የራሳቸው ድምፅ ነበር። ሲሊንደሩን አዲስ አበባ ያደረሰው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ነው። ንግሥቲቱ ድምፃቸው ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ አዘው ስለነበር ያ ሲሊንደር ዛሬ የለም። የምኒልክና የጣይቱ መልስ ግን በ1891 ዓ.ም. ተቀድቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ አሁንም ይሰማል። ድምፅ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ የማን እንደሚሆን አስቀድማ የገባት ለንደን ሳትሆን አትቀርም።

ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ከወረዱ ገና አሥራ አምስት ዓመት አልሞላቸውም። ከእንጦጦ ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በምዕራብ ቡራዩና ገፈርሳ፣ በደቡብ ምዕራብ ሰበታ ናቸው። በእነዚህ ቀዬዎች የቱለማ ኦሮሞ አርሶ አደሮች ይኖሩ ነበር። አዲስ ከተማ አጠገባቸው ሲበቅል ምን እንዳሉ፣ ምን እንደፈሩ፣ ምን ተስፋ እንዳደረጉ በቃል ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ይሆናል። ፎኖግራፍ ግን የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲህም የኢትዮጵያ የድምፅ ቅጂ ታሪክ በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ነው የተጓዘው። መሣሪያውን የሚይዘው ከላይ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው ነው፤ የተቀዳው ድምፅም ሄዶ ይቀራል። በ1898 ዓ.ም. ከጀርመኑ የአክሱም የምርምር ጉዞ ጋር የመጣው ሐኪም ኤሪክ ካሽከ ዘፈኖችን በሰም ሲሊንደር ቀድቶ ወደ በርሊን ወሰደ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ስለ መኪና እንዲማር ወደ ጀርመን የተላከው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባለው፣ እዚያው በርሊን ውስጥ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። በ1960ዎቹ እ.አ.አ. የለንደኑ የሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ ጂን ጄንኪንስ ኢትዮጵያን ዞራ ያሰባሰበችው የድምፅ ሀብትም መኖሪያው ብሪታንያ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይቀዱ ኖሮ ብዙ ነገር ጠፍቶ ይቀር እንደነበር መካድ አይቻልም። ሆኖም የተቀዳው ሰው የልጅ ልጅ የአያቱን ድምፅ ለመስማት ሻንጣ ማዘጋጀት ካለበት፣ ቅጂው ለእርሱ ታስቦ የተሠራ አልነበረም ማለት ነው።

በአገር ውስጥም በሩ ጠባብ ነበር። እ.አ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ያን አጥር በ1961 ዓ.ም. የዘለለው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው፤ በራሱ ስም የሸክላ ድርጅት ከፍቶ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ያ ዘመን የተቀረጸው አንድ ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ ስለቀዳ ነው። አምሃ የቀዳው ግን የመድረኩን ድምፅ ነበር። የሰፈሩ ድምፅ፣ የለቅሶ ቤቱ፣ የገበያው፣ የሽምግልናው ድምፅ ገና ተራው አልደረሰም።

ሬዲዮም የተለየ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ አቃቂ ላይ የቆመው ጣቢያ የተሠራው መንግሥት ለሕዝብና ለዓለም እንዲናገርበት እንጂ ሕዝብ ለመንግሥት እንዲናገርበት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሉተራኖች ብሥራተ ወንጌል በመጋቢት 1969 ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የጣቢያው ስም ተለወጠ፣ ተናጋሪው ተለወጠ፣ አድማጩ ግን አድማጭ ሆኖ ቀረ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ላለው ኦሮሞ ደግሞ ጉዳዩ ድርብ ነበር። በንጉሡ ዘመን በገዛ ቋንቋው ሬዲዮ ለመስማት የሞቃዲሾን ጣቢያ መፈለግ የነበረበት ሰው፣ ከዋና ከተማው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይኖር ነበር። አፋን ኦሮሞ በአገሪቱ ሬዲዮ በሰፊው መሰማት የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ሦስቱ ከተሞች የዋና ከተማዋ በሮች ናቸው። ከጅማና በቡታጅራ በኩል ከሆሳዕና የሚመጣው በሰበታና በአለም ገና ይገባል። ከወለጋና ከአምቦ የሚመጣው በቡራዩ፣ ከጎጃምና ከሰላሌ የሚመጣው በሱሉልታ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ከጥንት ነዋሪው በተጨማሪ የሚገቡበትን መንገድ ቋንቋ ይዘዋል። ሰበታ ላይ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ፣ ቆይተውም የአበባ እርሻዎችና የአለም ገናው አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ጠሩ። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ሯጮች ይለማመዳሉ፤ ከእንጦጦ ደን እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሴቶችም የዚያው ተራራ ሰዎች ናቸው። ቡራዩ ላይ ከሽሮ ሜዳ የኪራይ ኑሮ የሸሸ የዶርዜ ሸማኔ ከወለጋ ከመጣ ነጋዴና ከጥንቱ ባለርስት ጋር አጥር ተጋራ።

ዕድገቱ ለመተዋወቅ ጊዜ አልሰጠም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቡራዩ 10 ሺህ ያህል፣ ሰበታ 14 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ሁለቱም ወደ 49 ሺህ ደረሱ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንዷ አምስት እጥፍ ገደማ፣ ሌላዋ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ስንት ሰው እንዳለ በትክክል የሚናገር ቆጠራ ከሌለ፣ ማን ከየት መጥቶ ከማን ጎን እንደሚኖር የሚያውቀው ጎረቤቱ ብቻ ነው። እርሱም ካወቀ።

ስለ ሦስቱ ከተሞች ግን ብዙ ተጽፏል። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባል ሰነድ ይፋ ሲሆን ከአምቦ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሳ። በኅዳር 2008 በዚያው ምዕራባዊ መንገድ ላይ ካለችው ጊንጪ የጀመረው ቁጣ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ። በመስከረም 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በሰበታ ፋብሪካዎችና ተሽከርካሪዎች ነደዱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን አንድ አድርጎ በ12 ክፍለ ከተሞች የሸገር ከተማን መሠረተ። በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱት ቤቶች ጉዳይ እስከ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሪፖርት ደረሰ። በእነዚህ ሁሉ ሰነዶች ውስጥ ሄክታር አለ፣ ወሰን አለ፣ ካሳ አለ፣ ካርታ አለ። የቡራዩ አርሶ አደር ለካሬ ሜትር ስንት ተከፍሎት መሬቱ በስንት እንደተሸጠ ሲናገር ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ የለም። በጥሪት ገንዘቧ የጭቃ ቤት ገዝታ ግሬደር ሲመጣ ልጇን አዝላ የወጣችው ሴት ዝም የምትልበት ቦታም የለም።

የከፋው የመጣው በመስከረም 2011 ነው። በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው በስልክ ከቡራዩ አርባ ምንጭ ለመድረስ ሰዓታት አልፈጀበትም። በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ ግን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ በመላው አገሪቱ ተዞረ፤ አባቶቹም ተሸለሙ፣ ተመሰገኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አባቶቹ ያን ማድረግ የቻሉት ከዚያ ቀን በፊት መናገርና መስማት የለመዱበት አደባባይ ስላላቸው ነው፤ ጋሞዎች ዱቡሻ ይሉታል። ዱቡሻ ላይ ሰው ተራ ጠብቆ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ኦሮሞም የራሱ የሽምግልና ዛፍ ጥላ አለው፤ ያየውንና የሰማውን በቃል የማስተላለፍ ሥርዓት፣ አርጋ ዸጌቲ፣ አለው። አማራው አፈርሳታ ነበረው። ቡራዩ ላይ እነዚህ ሁሉ ወጎች በአንድ ሰፈር ተገናኙ፤ የጋራ አደባባይ ግን አላገኙም። አርባ ምንጭ ላይ ሽማግሌ ወጣቱን ከለከለ። ቡራዩ ላይ የሁሉም ሽማግሌ የሚባል ሰው ከየት ይመጣል? እንዲህ ዓይነት ሰው በሹመት አይገኝም፤ ጎረቤቶች እርስ በርስ ተሰማምተው ሳይሆን ተሰምተው ሲቆዩ ነው የሚወጣው።

ማኅበረሰቡ ራሱ የሚቀዳው ድምፅ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ መቅረጸ ድምፅ አለ። መሣሪያ መግዛት፣ ስቱዲዮ መክፈት፣ የሬዲዮ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግም። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ከ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ጀምሮ በሕግ ስፍራ አለው፤ በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238ም ይህ ቀጥሏል። ሬዲዮ ጥሩ ነው፤ ግን ማሰራጫ፣ በጀትና ቦርድ ይፈልጋል፤ ቦርድ ካለ ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ ማን ይሁን የሚል ጠብ ይከተላል። ሁለት ጎረቤቶች ቡና አፍልተው አንዱ የሌላውን ሕይወት ሲጠይቅና ሲቀዳ ሰብሳቢ አያስፈልግም።

ይሁንና ትልቁ እንቅፋት ከመሣሪያው የሚመጣ አይደለም። በአማርኛ «ድምፅህ ተቀድቷል» ማለት ማስፈራሪያ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የስልክ ጠለፋን በር ከፈተ፤ የተጠለፈ ንግግር ፍርድ ቤት በማስረጃነት ቀረበ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቴሌኮም ስለላ ላይ ሙሉ ሪፖርት ጽፏል። በተቃራኒው ወገንም የባለሥልጣናት የተሰረቀ የስልክ ንግግር በሳተላይት ቴሌቪዥን እየተለቀቀ አገር ጉድ ሲል ሰንብቷል። ስለዚህ የሰበታ አዛውንት ስልክ አፋቸው ላይ ሲደገን ቢያመነቱ ፈሪ አያሰኛቸውም፤ ታሪክ የሚያውቁ ናቸው።

ሌላ ልምድ ግን አለ፤ ያም ሰበታ ውስጥ ሥር አለው። በንጉሡ ዘመን የተቋቋመው የሰበታ መርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ልጆችን አንድ ግቢ ውስጥ አኖረ። እዚያ ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ለደረሱና ለመሰል ተማሪዎች የሚያዩ ፈቃደኞች መጽሐፍ እያነበቡ በካሴት ይቀዱላቸው ነበር። አንባቢው ደመወዝ የለውም፤ ስሙም አይወጣም። አድማጩ ግን የዚያን ሰው ድምፅ ደጋግሞ እየሰማ፣ ቴፑን እያቆመና እየመለሰ፣ ሕግ ወይም ታሪክ ያጠናል። ጎረቤት ለጎረቤት ብሎ የቀዳበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በኢትዮጵያ ማግኘት ይከብዳል። የካሴቱ ዘመን ሌላም ነገር አስተምሯል። ባሕር ማዶ ለተሰደደ ልጅ ከደብዳቤ ይልቅ የእናት ድምፅ በካሴት ይላክ ነበር፤ ለቀብር ላልደረሰ ዘመድ የሙሾ ቅጂ ይቀመጥለት ነበር። ሰው የሚወደው ሰው የሚሰማው ከሆነ መቀዳትን አይፈራም።

ከውጭም የሚጠቀስ አለ። በ2003 እ.አ.አ. በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ በተተከለች ትንሽ ክፍል የጀመረው ስቶሪኮርፕስ አሠራሩ ቀላል ነበር። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ገብተው 40 ደቂቃ ያወራሉ፤ አንዱ ቅጂ ለእነርሱ ይሰጣል፣ ሌላው በፈቃዳቸው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። በኋላ ላይ በፖለቲካ የማይስማሙ የማይተዋወቁ ሰዎችን ለብቻ እያቀራረበ ማስቀዳት ጀመረ፤ እንዲከራከሩ ሳይሆን ሕይወታቸውን እንዲነጋገሩ። ለሸገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኬፕታውኑ ዲስትሪክት ሲክስ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 እ.አ.አ. ሰፈሩን ለነጮች ብቻ ብሎ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አፈናቀለ፣ ቤቶቹን አፈረሰ። በ1994 የተከፈተው ሙዚየም ወለሉ ላይ የመንገዶቹን ካርታ ዘረጋ፤ የቀድሞ ነዋሪዎች ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ጻፉ፣ ትዝታቸውንም በድምፅ አስቀረጹ። ያ የሰዎች ትዝታ በኋላ መሬት ለማስመለስ ለቀረበው ጥያቄ አቅም ሆኖታል። የሚፈርስ ቤት ሰነድ ባይኖረው እንኳን የኖረበት ሰው ቃል አለው።

በሦስቱ ከተሞች ይህን ለመጀመር ቀርቦ የሚገኘው ተቋም ዕድር ነው። ዕድር የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ የነባሩንም የመጤውንም ስም አንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ሲዞር የማን ብሔር ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ ድንኳኑ ይተከላል። ከተማን በድምፅ መሰብሰብ የሚባለው ነገር ፈረንጅ ሳያስተምረው እዚህ ነበር። ከቀብር መልስ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ የሚወራውን ያህል የሰፈር ታሪክ ሌላ ቦታ አይወራም፤ ድንኳኑ ሲነሳ ግን አብሮ ይነሳል።

እንዲህ ያለው ቅጂ ሁለቱን ቅሬታዎች ጎን ለጎን መያዝ ካልቻለ ከመጀመሪያው አለመጀመሩ ይሻላል። መሬቱን በርካሽ ያጣው አርሶ አደር በአፋን ኦሮሞ፣ ቤቱ የፈረሰበት መጤ በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ወይም በጉራጊኛ የተናገረው አንድ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ፤ የአንዱ ቃል ለሌላው ይተርጎምለት። «ቁስል መቀስቀስ ነው» የሚል ይኖራል። ቁስሉ ግን ተኝቶ አያውቅም፤ በየቤቱ ለየብቻ ለልጆች ይነገራል፣ ሌላው ወገን በሌለበት። እዚያ ሲነገር የሚያርመው የለም። ባለሥልጣን ወይም የፓርቲ ካድሬ የቀዳው እንደሆነ ደግሞ ሰው የሚናገረው የሚጠበቅበትን ነው፤ ቅጂውም የዘገባ ማሟያ ይሆናል።

ለባለድምፁም ቪክቶሪያ ለራሳቸው ያስከበሩት መብት ይሰጠው። የሱሉልታዋ እንጨት ተሸካሚ ከተሰማች በኋላ «ይጥፋ» ካለች ይጥፋ። «ይቀመጥ» ካለችም የሚቀመጠው ልጇ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ ሊሰማው በሚችልበት ቦታ ይሁን፤ በዕድሩ ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በራሷ ስልክ ላይ።

ጊዜው ሰፊ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ቡራዩ አሥር ሺህ ያህል ሰው ሳላት አርባ ዓመት የነበረው ሰው አሁን ሰባን አልፏል። አሸዋ ሜዳ አሸዋ የሚዛቅበት ሜዳ ሳለ ማን እዚያ ከብት ያግድ እንደነበር፣ የመጀመሪያው ሸማኔ ከማን ላይ ቤት እንደተከራየ፣ በመስከረም 2011 ማን ማንን በጓሮ በር አስገብቶ እንደደበቀ የሚያውቀው እርሱ ነው።